መጀመሪያ የሚመረጠው ጠርዙ ነው

በአሜሪካ ሰዎች በገዛ ጋራዣቸው ከሚሠሯቸው ተጎታቾች መካከል ለጀማሪ የሚቀርበው ቲርድሮፕ የሚባለው የመኝታ ተጎታች ነው። ፊቱ ክብ ነው፣ ጀርባው እየቀጠነ ይወርዳል፣ ውስጡ ሁለት ሰው ያስተኛል። ከኋላ ወደ ላይ የሚከፈት ክዳን አለው፤ ከክዳኑ ሥር ምድጃና የዕቃ መደርደሪያ ይቀመጣል። ንድፉ በ1930ዎቹ በእጅ ሥራ መጽሔቶች መታተም ጀመረ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ተስፋፋ። መካኒክስ ኢለስትሬትድ የተባለው መጽሔት እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1947 እትሙ ያወጣውን ንድፍ ሠሪዎች ዛሬም ይጠቅሱታል። መጠኑም ያኔ ከነበረው ብዙ አልራቀም፤ ምክንያቱም መጠኑን የወሰነው አራት ጫማ በስምንት ጫማ (1.22 በ2.44 ሜትር) እየሆነ የሚሸጠው ኮምፔንሳቶ ነው። አንዱ ጎን ከአንድ ኮምፔንሳቶ ይወጣል። ሠሪው እንግዲህ ገበያ ላይ ያለውን እንጨት አይቶ ቁመቱንና ርዝመቱን ይወስናል። ግድግዳውንና ጣሪያውን የሚያጋጥመውን የብረት ክፈፍ ግን የሚፈልገው ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ ለማሳመሪያ ነው። በእኔ እምነት ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት። ክፈፉ ከግድግዳው በፊት መመረጥ፣ የጎኑ ኩርባም በክፈፉ ልክ መሣል ይኖርበታል። የተጎታቹ ዕድሜ የሚወሰነው በጠርዙ ነውና።

ለምን ጠርዙ? የተለመደው አሠራር ሲታይ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሁለቱ ጎኖች ከኮምፔንሳቶ ይቆረጣሉ፤ በመካከላቸው የጣሪያ አግዳሚዎች ይገባሉ፤ ከላይ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የአሉሚኒየም ላሜራ ከፊት እስከ ኋላ ይጎነበሳል፤ ጎኖቹም እንዲሁ ላሜራ ይለብሳሉ። ሁለቱ ላሜራዎች የሚገናኙት በኩርባው ላይ ነው። ልክ ከመጋጠሚያቸው ሥር ያለው ደግሞ የኮምፔንሳቶው ቁርጥ ጫፍ ነው፤ ንብርብሮቹ አፋቸውን ከፍተው የሚታዩበት፣ ውሃ በቀላሉ የሚመጠጥበት ቦታ። ቆርቆሮ ቤት የሚያፈሰው ከቆርቆሮው መሐል ሳይሆን ከምስማሩና ከመጋጠሚያው እንደሆነ ሁሉ፣ ይህም ተጎታች ከላሜራው መሐል አያፈስም። ውሃው የሚገባው በሰዓት መቶ ኪሎ ሜትር በሚነዳ መኪና ኋላ ነፋስ እየገፋው ነው፤ አንዴ ከላሜራው ሥር ከገባ ደግሞ መውጫ የለውም። የእንጨት አበስባሽ ፈንገስ ሥራ የሚጀምረው የእንጨቱ እርጥበት ወደ 30 በመቶ ሲደርስ ነው፤ ከ20 በመቶ በታች የሆነ እንጨት ግን ለረጅም ዘመን ይቆያል። በአሉሚኒየም ተሸፍኖ የታፈነ እርጥብ ጠርዝ ያንን ደረጃ ለማለፍ ብዙ ዝናብ አያስፈልገውም፤ መበስበሱም ላሜራው እስኪነሳ ድረስ አይታይም። ስለዚህ ክፈፉን ጌጥ አድርጎ ማየት ትልቅ ስህተት ነው። ክፈፉ የቤቱ ክዳን አካል ነው።

ገበያው ላይ ያሉት ቅርጾች ብዙ አይደሉም። የመጀመሪያው በየብረታ ብረቱ መደብር የሚገኘው ተራ አንጎላሬ ነው፤ ሁለት ክንፍ ያለው፣ በአሉሚኒየም የተሠራ፣ ክንፉ ብዙውን ጊዜ ከ19 እስከ 25 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ። አንዱ ክንፍ ጣሪያው ላይ ይተኛል፣ ሌላው በጎን ይወርዳል። ሁለተኛው ለካራቫን ተብሎ የሚመረተው ክፈፍ ነው፤ መሐሉ ላይ ቦይ አለው፣ ብሎኖቹ በቦዩ ውስጥ ይታሰራሉ፣ ከዚያ በላያቸው የቪኒል ጥብጣብ ይገፋል። ሦስተኛው ከጎኑ ጠብታ መቀበያ ያለው ነው፤ ይህኛው በተለይ ከበሩ በላይ ጥቅሙ ብዙ ነው፣ ከጣሪያ የወረደው ውሃ በሩን ሲከፍቱ ትራስ ላይ እንዳይንጠባጠብ ያደርጋል። አራተኛው በእንግሊዝኛ ፊደል ጄ ቅርጽ የታጠፈ፣ የላሜራውን ጫፍ የሚጎርስ ነው። ይህ በላይኛው ጠርዝ ላይ ያገለግላል፤ በታችኛው ጠርዝ ላይ አፉን ወደ ላይ አድርጎ ማሰር ግን ለውሃ ገንዳ ማዘጋጀት ነው፣ ቢያንስ በየርቀቱ መፍሰሻ ቀዳዳ ካልተበሳለት በቀር። ባለ ቪኒሉን ብዙዎች የሚመርጡት ብሎኑ ስለማይታይ ነው። ድክመቱም እዚያው ነው። ቪኒሉ ከፀሐይ ብዛት ይደርቅና ያጥራል፣ ጫፉ ላይ ክፍተት ይተዋል፣ ውሃም በቦዩ እየሄደ በእያንዳንዱ የብሎን ቀዳዳ ላይ ይቆማል። በየጥቂት ዓመቱ ቪኒሉን ለመቀየር የተዘጋጀ ሰው ይምረጠው፤ ያልተዘጋጀ ሰው ግን ብሎኑ በግልጽ የሚታየውን ተራ አንጎላሬ ቢወስድ ይሻለዋል።

ዋናው ጉዳይ ግን መጎንበሱ ነው፤ የዚህ ሁሉ ክርክር ማዕከልም እሱ ነው። ጣሪያው ላይ የሚተኛው ክንፍ እንደ ጠፍጣፋ ጥብጣብ በቀላሉ ይታዘዛል። በጎን የሚወርደው ክንፍ ግን በስፋቱ አቅጣጫ ነው የሚጎነበሰው፤ የላይኛው ጠርዙ ረጅሙን ቀስት ይከተላል፣ የታችኛው ጠርዙ ደግሞ አጭሩን። ልዩነቱን አንድም ላይኛው ተለጥጦ፣ አንድም ታችኛው ተጨምቆ መሸከም አለበት። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ የክንፉን ስፋት ለኩርባው ራዲየስ ማካፈል ይበቃል። 25 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ክንፍ 300 ሚሊ ሜትር ራዲየስ ባለው ኩርባ ላይ ሲጎነበስ በሁለቱ ጠርዞች መካከል ያለው የርዝመት ልዩነት ስምንት በመቶ ይሆናል። 19 ሚሊ ሜትር ክንፍ በ600 ሚሊ ሜትር ራዲየስ ላይ ከሆነ ልዩነቱ ሦስት በመቶ ብቻ ነው። ሦስት በመቶውን ለስለስ ያለ አሉሚኒየም ብዙ ሳያስቸግር ይቀበላል። ስምንት በመቶው ግን ክንፉን ያጨማድደዋል፤ የተጨማደደ ክንፍ ደግሞ ግድግዳው ላይ አይተኛም፣ በእያንዳንዱ ሽብሽብ ሥር የውሃ መንገድ ይከፈታል። ሠሪው ይህን የሚያውቀው ግድግዳው ከተቆረጠ በኋላ ከሆነ ያለው ምርጫ ክንፉን በመቀስ እየበጡ ማጠፍ፣ ወይም ስንጥቁን በማሸጊያ መሙላት ነው። ሁለቱም መጥፎ ናቸው። ያንኑ ነገር እርሳሱን ሲያነሳ ቢያውቀው ግን የፊቱን ኩርባ አንድ መዳፍ ያህል ዘርጋ በማድረግ ብቻ ችግሩን ከሥሩ ይነቅለዋል።

የቅይጡ ዓይነትም እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። በመደብር አንድ ዓይነት መስለው ጎን ለጎን የሚቆሙ ሁለት አንጎላሬዎች በባሕርይ በጣም ሊለያዩ ይችላሉ። ለበርና ለመስኮት ፕሮፋይል የሚውለው ቅይጥ 6063 ይባላል፤ አዲስ አበባ ውስጥ የአሉሚኒየም በርና መስኮት ሲገጥም የኖረና አሁን ቨርጂኒያ ወይም ኮሎራዶ የሚኖር ሰው በእጁ የሚያውቀው እሱኑ ነው። ለመዋቅር የሚሸጠው ደግሞ 6061 ነው፤ በተለመደው ቲ6 ጥንካሬው ከ6063-ቲ5 ወደ እጥፍ የሚጠጋ ጉልበት ይቋቋማል። ለድልድይ ይህ በጎ ነው፤ ለኩርባ ጠርዝ ግን ጠላት ነው፣ ሲጎነበስ ይመለሳል ወይም ይሰነጠቃል። ክፈፉ ጭነት ስለማይሸከም ጥንካሬ አያስፈልገውም፤ ስለዚህ ለጠርዝ 6063ን መጠየቅ ተገቢ ነው። ሻጩ ቅይጡን የማያውቅ ከሆነም ትንሽ ቁራጭ ገዝቶ መሞከር ይበጃል። ጠባብ ኩርባ የግድ ከሆነ አሉሚኒየሙን በእሳት ማለስለስ ይቻላል። የላሜራ ሠራተኞች የቆየ ዘዴ አላቸው፤ ብረቱን በደረቅ ሳሙና አሽተው በችቦ ያሞቁታል፣ ሳሙናው ወደ ጥቁርነት ሲቀየር እሳቱን ያነሳሉ። ዘዴው ይሠራል፤ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል፣ ምክንያቱም አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም፣ ሙቀቱ ካለፈ ድንገት ይወድቃል። አኖዳይዝድ የሆነ ክፈፍ ደግሞ ከመጎንበሱ በፊት ሊታሰብበት ይገባል፤ ላዩ ላይ ያለው ሽፋን ደረቅ ስለሆነ ሲጎነበስ በፀጉር መሰል ስንጥቆች ይሞላል። ለኩርባው ያልተቀባውን ጥሬ አሉሚኒየም መውሰድ፣ አኖዳይዝዱን ለቀጥታ ጠርዞች መተው ያዋጣል።

ሁለተኛው ወሳኝ ነገር ርዝመት ነው። ከኮምፔንሳቶው የሚወጣው የጎን ኩርባ ከፊት ወለል ተነስቶ በጣሪያው አልፎ የኋላው ክዳን ግርጌ እስኪደርስ ከ12 እስከ 14 ጫማ ገደማ ይሆናል። በትላልቆቹ የቤት ዕቃና ግንባታ መደብሮች፣ በሆም ዲፖ ወይም በሎውስ፣ የሚገኘው አንጎላሬ በብዛት እስከ ስምንት ጫማ ነው። ከዚያ የሚረዝመውን በፖስታ ማስመጣትም ችግር አለው፤ ዩፒኤስም ሆነ የፌዴክስ የምድር አገልግሎት ከ108 ኢንች (2.74 ሜትር) በላይ የሆነ ጥቅል አይቀበሉም፣ ከ96 ኢንች በላይ ለሆነውም ተጨማሪ ያስከፍላሉ። 16 ጫማ ክፈፍ የፈለገ ሰው በጭነት መኪና ማስመጣት አለበት፤ የማጓጓዣው ዋጋ ከክፈፉ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ብዙ ሠሪዎች እዚህ ሲደርሱ ሁለት ቁራጭ ገዝተው በጣሪያው መሐል ያጋጥማሉ፤ ውሃ ከሚገባበት መንገድ ሁሉ አጭሩን ራሳቸው ከፈቱ ማለት ነው። ነገር ግን ተጎታቹ በተፈጥሮው አንድ መለያያ አለው፤ የኋላው ክዳን ማጠፊያ የሚያርፍበት መስመር። ክዳኑ የሚከፈት ስለሆነ ክፈፉ እዚያ መቆረጡ አይቀርም። ንድፉን የሚሥለው ሰው ማጠፊያውን ከፊት ወለል በኩርባው ላይ ሲለካ ስምንት ጫማ ሳይሞላ እንዲያርፍ ካደረገው የመኝታውን ክፍል በአንድ ስምንት ጫማ፣ ክዳኑን በሌላ ቁራጭ ይሸፍናል፤ በጣሪያው መሐል መጋጠሚያ አይኖርም፣ የጭነት ሒሳብም አይመጣም። የማጠፊያውን ቦታ በዚህ መንገድ መወሰን ምንም ወጪ የለውም። ወጪ የሚመጣው ቦታው አስቀድሞ በሌላ ምክንያት ተወስኖ ሲገኝ ነው።

ሌሎቹን ምንጮች ባጭሩ ማንሳት ይቻላል። የብረታ ብረት አከፋፋዮች ከ20 ጫማ በላይ ርዝመት ያላቸውን ዘንጎች ይይዛሉ፣ በሚፈለገው ልክም ይቆርጣሉ፤ በአቅራቢያው አከፋፋይ ያለው ሰው መኪናው ላይ የሚጫንበት ነገር ካለው ከማንም የተሻለ ዋጋ ያገኛል። አሸንዳና የቤት ሽፋን የሚገጥሙ ባለሙያዎች ላሜራ ማጠፊያ ማሽን ስላላቸው የፈለጉትን ቅርጽ በቀጥታ መስመር ያጥፋሉ፤ ኩርባ ግን ከእነሱ አይጠበቅም። የድሮ ካራቫኖች መለዋወጫ የሚሸጡ ሱቆች ባለ ቦዩንና ባለ ጠብታ መቀበያውን ይይዛሉ። ከተጣሉ ካራቫኖች የሚነቀለው ክፈፍ ርካሽ ነው፤ ቀዳዳዎቹ ግን የሌላ ሰው ቀዳዳዎች ናቸው፣ በማንኛውም አዲስ እንጨት ላይ ሲታሰር አሮጌዎቹ ሁሉ መደፈን አለባቸው። ለቀጥታና ለውስጥ ጠርዝ ካልሆነ አልመክረውም።

ክፈፉ ከተገኘ በኋላ አገጣጠሙ ይቀራል። ከክፈፉ ሥር የሚገባው ነገር የቡቲል ጥብጣብ መሆን አለበት። ቡቲል አይደርቅም፣ ከብረቱ ጋር ይንቀሳቀሳል፣ ነቅሎ መልሶ ማሰርም ይፈቅዳል። በየቤቱ የሚገኘው ሲልከን ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ሲደርቅ የሚለቀው አሲድ ብረት ይበላል፣ አንዴ ከደረቀ ደግሞ ከአዲስ ሲልከን በቀር ሌላ ማሸጊያ በላዩ አይይዝም፤ አዲሱም ቢሆን የሚታመን አይደለም። የመንቀሳቀሱ ነገርም ቀላል አይደለም። 2.44 ሜትር የሆነ አሉሚኒየም የሙቀቱ ልዩነት 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል ወይም ያጥራል፤ ሚኒሶታ ወይም ኮሎራዶ ውስጥ በክረምትና በበጋ ፀሐይ መካከል ያለው ልዩነት ከዚህ ይበልጣል። ኮምፔንሳቶው በሙቀት የሚለወጠው ከዚህ እጅግ ባነሰ መጠን ነው። ስለዚህ በክፈፉ ላይ በትራፓኖ የሚበሳው ቀዳዳ ከብሎኑ ትንሽ ሰፋ ማለት አለበት፤ ልክ ልኩን የተበሳ ቀዳዳ በየወቅቱ ብሎኑን እየገፋ እንጨቱን ያላላዋል። ብሎኑ ስቴንለስ ይሁን። ተራ ብረት ብሎን ዝጎ አሉሚኒየሙን ያበላሻል፣ የናስ ክፈፍ ደግሞ ያምራል ግን ከአሉሚኒየም ላሜራ ጋር ተነካክቶ የመንገድ ጨው ያለበት ውሃ ሲደርስበት ላሜራውን ይበላዋል። እ.ኤ.አ. ከ2004 መጀመሪያ ወዲህ ለመኖሪያ ቤት የሚሸጠው በመድኃኒት የተነከረ እንጨት ውስጥም ብዙ መዳብ አለ፤ አሉሚኒየም በቀጥታ እንዲነካው ማድረግ ያው አደጋ ነው።

ለብቻው ሊታይ የሚገባው አንድ ቦታ አለ፤ የጎን ክፈፉ፣ የክዳኑ ክፈፍና ማጠፊያው የሚገናኙበት ማዕዘን። ለቲርድሮፕ የሚመረጠው ማጠፊያ ሁለት የአሉሚኒየም ፕሮፋይሎች እርስ በርስ ተቆላልፈው የሚዞሩበት፣ ፒን የሌለው ዓይነት ነው፤ የላይኛው ቁራጭ በታችኛው ላይ ስለሚደፋ በስፋቱ ሁሉ ውሃ አያስገባም። የሚያስገባው በሁለቱ ጫፎቹ ላይ ነው። በማጠፊያው ቦይ ውስጥ የተጓዘ ውሃ ጫፉ ላይ ሲደርስ የሚወድቅበትን ይፈልጋል፤ ማጠፊያው ከግድግዳው ውፍረት በፊት ካለቀ የሚወድቀው በቀጥታ የኮምፔንሳቶው ቁርጥ አፍ ላይ ነው። ማጠፊያው የሁለቱንም ግድግዳዎች ውፍረት አልፎ እስከ ውጪ መድረስ አለበት፤ የጎን ክፈፉም ከሥሩ መግባት እንጂ ከፊቱ ተቆርጦ መቆም የለበትም። ከሥር የሚገባው ክፈፍ ውፍረት ስላለው ማጠፊያው በጫፎቹ እንዳይነሳ በሁለቱ ጠርዞች መካከል በዚያው ውፍረት ስስ መደገፊያ ማንጠፍ ያስፈልጋል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን የክፈፉን ውፍረት ቀድሞ የማያውቅ ሰው መደገፊያውን ማሰብ አይችልም፤ ሲያውቀውም ጣሪያው ላሜራ ለብሷል።

ይህን ሐሳብ የሚቃወሙ ሰዎች ክርክር ቀላል አይደለም። ጠንካራው ተቃውሞ ክፈፍ ጨርሶ አያስፈልግም የሚለው ነው። ጎኑንና ጣሪያውን በኢፖክሲና በፋይበርግላስ ጨርቅ የሚያጣብቁ አሉ፤ ከሙቀት መከላከያ አረፋ ሠርተው በሸራና በማስቲሽ ጠቅልለው ቀለም የሚቀቡም አሉ። ሥራቸው ውሃ አያስገባም፤ በኢፖክሲ ልምድ ላለው ሰው ይህ መንገድ ከብረት ይሻላል ቢባል እቀበላለሁ። ሆኖም ኢፖክሲ ከፀሐይ የሚጠብቀው ቫርኒሽ ወይም ቀለም ይፈልጋል፣ ያም በየጊዜው መታደስ አለበት፤ የበሩና የክዳኑ ጠርዝ ደግሞ በምንም ቢሠራ ተከፋች ስለሆነ ከላዩ ውሃ የሚጥል ከንፈር መፈለጉ አይቀርም። ክፈፍን ያስወገደ ሰው ከኩርባው ላይ ብቻ ነው ያስወገደው። ሌላው ተቃውሞ ዕቃው ንድፉን ይግዛው ወይ የሚል ነው፤ ውበት ለመደብር አንጎላሬ ሊገዛ አይገባም ይላሉ። ግን ንድፉ ቀድሞውንም ለኮምፔንሳቶው ልክ ተገዝቷል፣ ማንም ቅር አላለውም። በእኔ ዓይን ደግሞ ዘርጋ ያለ ኩርባ ከተሰበረ ኩርባ ያምራል፤ ያልተጨማደደ ክፈፍ የተሻለ መስመር ያወጣል። ሦስተኞቹ ጋልቫናይዝድ ብረት ይርከስ ይሆናል፣ ክብደቱም ብዙ አይደለም ይላሉ። ስለ ክብደቱ እውነታቸውን ነው፤ የሁለቱም ጎኖች ክፈፍ በአሉሚኒየም ሁለት ኪሎ ገደማ፣ በብረት ከአምስት እስከ ስድስት ኪሎ ቢሆን ነው፣ ይህ ተጎታቹን አያከብደውም። ብረትን የሚጥለው ክብደቱ አይደለም። በሴጌቶ የተቆረጠበትና በትራፓኖ የተበሳበት ቦታ ሁሉ ሽፋኑን አጥቶ መዛግ ይጀምራል፣ ኩርባውንም በጋራዥ መሣሪያ ማውጣት ከአሉሚኒየም ይከብዳል።

በተግባር ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሆናል። መጀመሪያ በአካባቢው የሚገኘውን ክፈፍ ሁለት ጫማ ያህል መግዛት። ከዚያ ንድፉ ላይ ያለውን ጠባቡን ኩርባ በቁርጥራጭ እንጨት ላይ ቆርጦ ክፈፉን በእጅና በመቆንጠጫ እየያዙ በላዩ መጎንበስ፣ በጎን የሚወርደውን ክንፍ በጥፍር እየዳሰሱ ሽብሽብ መኖሩን ማየት። ከተሸበሸበ እንጨቱን በሰፋ ራዲየስ ደግሞ መቁረጥና እንደገና መሞከር፤ ክንፉ ልስልስ ብሎ የተኛበት ራዲየስ ሲገኝ ያንን ወደ ንድፉ መመለስ፣ የማጠፊያውንም መስመር በኩርባው ላይ በሜትር ለክቶ ማስቀመጥ። ሙሉው ኮምፔንሳቶ በመጋዝ የሚነካው ከዚህ በኋላ ነው።